የ«ጠ» ፍንዳታ እንዳይጠፋ

ቃለ መጠይቅ ስናቀናብር ምስሉ ቶሎ መልክ ይይዛል፤ የሚያታግለን ድምፁ ነው። ውጭ ጄኔሬተር ያጓራል። ገመዱ በደንብ ካልተያያዘ ደግሞ የመብራቱ 50 ሄርዝ፣ 100 እና 150 ሄርዝ ላይ እየተደራረበ እምምም ሲል ከተናጋሪው ጋር ይቀዳል። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የራሱ ማጽጃ ቢኖረውም ብዙዎቻችን ሌሎች የሠሩትን ፕላግኢን እንጨምርበታለን።

ለዚህ በር የከፈተው የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪኤስቲ የተባለው የፕላግኢን ስታንዳርድ ነው። ፕሪሚየር ፕሮም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ይቀበሉታል። ፋይናል ከት ፕሮ ግን የአፕልን ኦዲዮ ዩኒትስ ስለሚጠቀም፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማየት ይበጃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቋንቋችን ነው። ፕሪሴት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚመጣ ቅንብር፣ ተናጋሪው አማርኛ ይናገር ጀርመንኛ አይጠይቅም። «ጠ»፣ «ቀ»ና «ጨ» ስንል አየሩ ታፍኖ ይቆይና ይፈነዳል፤ ከፍንዳታው በኋላም አናባቢው እስኪከተል ለቅጽበት ዝም ይላል። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበው ኮምፕሬሰር አታኩ፣ ማለትም ሥራ የሚጀምርበት ፍጥነት፣ በጣም ከፈጠነ ፍንዳታውን ይጫነዋል፤ «ጠ» ወደ «ተ» ይጠጋል። ኢኮ ከበዛ ደግሞ ያችን ዝምታ ይሞላታል። ስለዚህ አታኩን ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ አዘገየውና ፊደሎቹን በጆሮዬ እከታተላለሁ። ተናጋሪው አዛውንት ከሆኑ ጥንቃቄዬ ይጨምራል፤ አነጋገራቸው ራሱ ቅርስ ነውና።

ማሲንቆም እንዲሁ ነው። ጭራ በጭራ ሲፋተግ የሚወጣውን ሻካራ እስትንፋስ የጩኸት ማጽጃው እንደ ጉድፍ ይቆጥረዋል። አጥብቀን ካጸዳነው ዜማው ይቀራል፣ ማሲንቆነቱ ይሄዳል። በእኔ እምነት እንዲህ ካለ ንጽሕና ትንሽ የጄኔሬተር ድምፅ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። በቅድሚያ የመብራቱን እምታ በኢኮላይዘር ቆርጬ፣ ቀጥዬ ጩኸቱን አለዝቤ፣ ኮምፕሬሰሩን የማስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከቀደመ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከነጩኸቱ ከፍ ያደርገዋልና ማጽጃው ሥራ ይበዛበታል። ፕላግኢኑን እያጠፋሁና እያበራሁ ሳወዳድርም መጠኑን እኩል አደርጋለሁ፤ ጆሮ ጎላ ያለውን ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳልና።

ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር ፕላግኢኑ እዚያ ካልተጫነ ያ ሁሉ ድካም አይሰማም። በሥራው ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የተስተካከለውን ድምፅ ለብቻው በዋቭ ፋይል አውጥታችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር አኑሩት። መጀመሪያ የተቀዳውን ግን በምንም ምክንያት አትደምስሱ፤ የአዛውንት ምስክርነት ወይም የአዝማሪ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀምጡት።