ማን ማንን ያያል?

የተረት እንስሳትን ለልጆች ኮሚክ የሚሥል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱን ገፀ ባሕርይ ለየብቻው ይነድፋል። አንበሳው በአንድ ወረቀት፣ ጅቡ በሌላው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፤ ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ሲደነግጥ። ይህ ካልተሠራ መጀመሪያ ላይ ያየነው ጅብ መጨረሻው ላይ ሌላ ጅብ ሆኖ ይመጣል። እኔ ግን ንድፉን የማምነው እንስሳቱ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ማን ማንን እንደሚያይ ከወሰንኩ በኋላ ነው።

ለዚህ ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ተረት ልውሰድ። አገር ተቸገረና አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ፈጣሪ የተቆጣን ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ መብላቱን ተናገረ፤ «ይሄማ ምን ኃጢአት ነው!» አሉት። ነብር ፍየል፣ ጅብም ዶሮ መብላታቸውን ተናዘዙና እንደዚያው ታለፉ። አህያ ጌታዋ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ ጥቂት ሣር መንጨቷን ተናገረች። «ለካ አገሩን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ!» ብለው ተቀራመቷት።

ይህን ተረት በቃል የሚያወራ ሰው ስለ እንስሳቱ መልክ ብዙም አይጨነቅም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዐሥርታት ተረት ሲነግሩ ጅቡን የምናውቀው በድምፃቸው ነበር፤ መልኩን እያንዳንዱ ልጅ በልቡ ይሠራዋል። ሠዓሊው ይህን የልጁን ሥራ ይነጥቃል። ስለዚህ በምትኩ ድምፅ የማይችለውን ነገር መስጠት አለበት። ተራኪ አንድ አፍ ስላለው አንበሳው ሲናገር ሌሎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ በዚያችው ቅጽበት ሊያሳየን አይችልም። ሥዕል ይችላል።

መልካቸውን የምጀምረው ከጥላቸው ነው። እያንዳንዱን እንስሳ በጥቁር ቀለም ሞልቼ፣ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሼ አየዋለሁ። በዚያ መጠን ዓይንም ጠጉርም አይታይም። የነብር ነጠብጣብ መካከሉ ፈዘዝ ያለ ቀለበት፣ የጅቡ ደግሞ ድፍን መሆኑ በትልቅ ሥዕል ያምራል፤ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ግን ሁለቱም ቆሻሻ ይመስላሉ። የሚለያቸው አቋማቸው ነው። ነብሩ ረዘም ብሎ ይጋደማል፤ ከአካሉ የሚንቀሳቀሰው ጭራው ብቻ ነው። የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ከትከሻው ወደ ታፋው ያዘቀዝቃል። ይህ ቁልቁለት ለሠዓሊ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ ጅቡ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ፊቱ ሲደፍር ኋላው ሊሸሽ የተሰናዳ ይመስላል። አያ ጅቦ በተረቶቻችን ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጉልበት አያንሰውም፣ ልብ ግን ያንሰዋል።

አንበሳ ላይ የሚያስቸግረው የማስጌጥ ፍላጎት ነው። ጎፈሩን ጠጉር በጠጉር የጀመረ ሰው ገጹ በገፋ ቁጥር ይሰለቻል፤ ስልቸታውም ከመስመሩ ላይ ይነበባል። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ሐውልቶች አሉ። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ጡንቻውና ጎፈሩ እንደ ተፈጥሮው ተቀርጿል። ብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመው የሞሪስ ካልካ አንበሳ ግን በጥቂት ጉልህ መስመሮችና ቅርጾች ያለቀ ነው፤ ያም ሆኖ ከመንገዱ ማዶ ላየው ከአንበሳ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ለኮሚክ የምማረው ከሁለተኛው ነው።

«አንበሳውን ካባ ደርብለት፣ ዘውድ ድፋለት» የሚሉኝ አሉ። አላደርገውም። ካባ ከደረበ የአንድ ዘመን ሹም ይሆናል፤ አንባቢም ተረቱን ትቶ ሰውየውን ማን ነው ብሎ ፍለጋ ይገባል። ተረት እስከ ዛሬ የኖረው ስም ባለመጥራቱ ነው። ሥልጣኑን ለማሳየት ዋርካ ሥር ከሁሉ ከፍ ብሎ መቀመጡ ይበቃል፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ያየ ልጅ ያ ቦታ የማን እንደሆነ ያውቀዋል።

አህያዋ ላይ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ገጣባ። ጭነት የላጠው፣ ጠጉር የማይበቅልበት የጀርባ ቁስል ነው። ዛሬ አህያ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ስትጭን የሚያይ ልጅ ገጣባውን ለማወቅ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ከአራቱ የሠራችው እሷ ብቻ መሆኗን ቁስሉ ይናገራል። እንድታሳዝን ብዬ አላሳንሳትም፤ ከጅቡ ትበልጣለች፣ ታፋዋም ወፍራም ነው። በደሉ ከመጠን የመጣ አይደለም። ጆሮዎቿን ደግሞ ተናጋሪው ወዳለበት አዞራቸዋለሁ። አንበሳው ሲናገር ወደ አንበሳው፣ ጅቡ ሲናገር ወደ ጅቡ። የሦስቱ ጆሮ ግን፣ ሣሩን እስክትናዘዝ ድረስ፣ አንዴም ወደ እሷ አይዞርም።

ወደ ዓይን እንምጣ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች፣ የጌታ ገራፊዎችም ሆኑ አጋንንት፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ሥርዓት የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሳጥኖች ከፍለው በሸራ ላይ ለሚሥሉት ባህላዊ ሠዓሊዎች ቅርብ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮሚክ የሚለው ስም ሳይመጣ በፊት በተከታታይ ሳጥን ታሪክ መተረክን የለመዱ ናቸው። ሕጉን እንዳለ ወስጄ ክፉውን እንስሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጎን ብሥለው ግን ሥዕሉ ይደርቃል፤ ልጁም ገና በመጀመሪያው ገጽ ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል።

መውጫውን ያገኘሁት ከተረቱ ነው። ሦስቱ በጎን የሚታዩት እርስ በርስ ስለሚተያዩ ነው። አንበሳው በሬውን ሲናዘዝ ነብሩን ያያል። ጅቡ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ አንበሳው ያያል፤ «አያ አንበሶ፣ እርስዎ በልተውት ነው? በሬውማ ታድሏል!» ይላል። ማንም ክፉ ፊት አልተሣለበትም፤ እንዲያውም ይሳሳቃሉ፣ ይከባበራሉ። አንድ ዓይናቸው ብቻ የታየን ሁለተኛውን ለወዳጃቸው ስለሰጡት ነው። ከመካከላቸው ሁለት ዓይን ያላት አህያዋ ናት፤ የሚያያት ስለሌለ ወደ እኛ ታያለች።

ከዚያ የሣሩ ኑዛዜ ይመጣል፤ ገጹ ይገለበጣል። በቀጣዩ ትልቅ ሳጥን አህያዋ የለችም። የምናየው እሷ ከተቀመጠችበት ቦታ ሆነን ነው። አንበሳ፣ ነብርና ጅብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ዞረዋል፤ ስድስቱም ዓይን ልጁ ላይ ነው። የድሮው ሕግ እዚህ ይፈርሳል፤ ግን እስከዚህ ድረስ ስለተጠበቀ ነው መፍረሱ የሚያስደነግጠው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው የፍርዱን ቃል በወፍራም ብሩሽ እጽፈዋለሁ፤ ለአንበሳው «እርስዎ» ያለው ጅብ አሁን «አንቺ» ብሎ ይጮኻል። ደም አልሥልም፣ ጥርስም አላበዛም።

ወላጆች አንዳንዴ አህያዋ እንድታመልጥ ይጠይቃሉ። ልጅ እንዳይከፋው ማሰባቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ካመለጠች ተረቱ ስለ ሩጫ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ ከሥር «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» የሚል መስመር ይፈልጋሉ። ያንን መስመር የምጽፈው ሥዕሉ ሥራውን ካልሠራ ብቻ ነው። አንድ ልጅ በትልቁ ሳጥን ላይ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ከገለበጠ፣ በሬውን፣ ፍየሉንና ዶሮውን ደግሞ ካየ፣ ፍርዱን እንደገና እየመረመረ ነው። ያ ከሆነ ገፀ ባሕርያቱ በትክክል ተነድፈዋል ማለት ነው፤ ካልሆነ የምመለሰው ወደ አንበሳው ጎፈር ሳይሆን ወደ ዓይኖቻቸው አቅጣጫ ነው።