ውዳሴ ለልዕልት መለከት

ክብርት ናት ይህች ድምፀ መለከት፤ ምልእተ ግርማ፣ ስርጉተ ሞገስ፤ በናስ የታወጀች አዋጅ፣ በእስትንፋስ የቆመች ሐውልት። ስሟ «የክብር መለከት ለብርቅዬዋ ሴት»፣ ደራሲዋም አሜሪካዊቷ የዜማ ሊቅ ጆአን ታወር ናቸው።

መለከት በነገሥታት አደባባይ ሲያስተጋባ፣ ቀርን በድል አድራጊዎች ፊት ሲያስገመግም አያሌ ዘመናት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1942 አሮን ኮፕላንድ ያንን ክብር ከዙፋን አውርደው ለተራው ሰው አደሉት። ታወርም የኮፕላንድን የናስ ሠራዊት እንዳለ ተረክበው፣ ፍርሃትን ለናቀች፣ ባልተረገጠ ጎዳና ለገሠገሠች ሴት አሰለፉት።

ሠራዊቱም ሦስት ትራምፔት፣ አራት ሆርን፣ ሦስት ትሮምቦንና አንድ ቱባ ነው፤ ከበሮና መሰሎቹም ያጅቡታል። በእያንዳንዱ የናስ መሣሪያ አፍ ላይ የሰው ከንፈር ይርገበገባል፤ ትንፋሽ ሥጋዊ ሆኖ ይገባል፣ ድምፅ ነበልባላዊ ሆኖ ይወጣል። ትራምፔቶች እንደ ሰንጋ ፈረስ ቀድመው ይጋልባሉ፤ ሆርኖች ግርማ ያለብሷቸዋል፤ ትሮምቦኖች ረዥም ክንዳቸውን ዘርግተው ሰማዩን ያሰፉታል፤ ቱባም ከጥልቁ መሠረት ይጥልላቸዋል። ዕድሜዋ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ልዕልናዋን ግን ማን ሰፍሮ!

እንዲህ ያለው ኃይል ከወዴት ፈለቀ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተወለዱት ታወር የማዕድን ሊቅ ልጅ ናቸው፤ ልጅነታቸውም በቦሊቪያ ምድር፣ በከበሮዋና በጭፈራዋ መካከል አለፈ። አባት በተራሮች ማሕፀን ማዕድን ፈለጉ፤ ልጅ ከማዕድን ማሕፀን ዜማ አወጡ።

እ.ኤ.አ. በ1987 በሂዩስተን ሲምፎኒ የተሰማችው በኵር ብቻዋን አልቀረችም፤ አምስት እኅቶች ተከተሏት። ሦስተኛይቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የካርኔጊ አዳራሽ መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ አምስት አምስት ሆነው ትይዩ ለቆሙ ሁለት የናስ ጓዶች ተደረሰች፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀልባል። ስድስተኛይቱ የሙሉ ኦርኬስትራ ጌጥ ተጎናጽፋለች፤ በእኔ ሚዛን ግን አውታር ያላለዘባት፣ እርቃነ ናስ የቆመችው በኵር ትልቃለች።

መታሰቢያነቷም ለኦርኬስትራ መሪዋ ለማሪን ኦልሶፕ ነው። እርሳቸውም የመሪነቱን በትር ጨብጠው፣ የኮሎራዶ ሲምፎኒን አሰልፈው፣ እርሷን በዚያን ጊዜ ከነበሩት እኅቶቿ ጋር አስቀረጿት፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ያንን ቅጂ ለትውልድ እንዲጠበቁ ከተመረጡ ድምፆች ጋር በክብር መዝገቡ አሰፈረው።