መምህርና መጽሐፍ
ስለ አለቃ እንባቆም ቃለ ወልድ ሥራ የተሰጠ አስተያየት

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው ያገራችን ተረት ሕዝቡ ለትምህርት ያለውን ፍቅር ሲያስረዳ፥ በዚያው መጠን የተማረው ሰው የተሸከመውን ዕዳ ያመለክታል። ወላጅ ይህን ያህል አምኖ ልጁን ካስረከበ ዘንድ፥ መምህሩ እንዴት ተዘጋጀ? በእጁስ ምን መጽሐፍ አለ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄውን እንድናነሣ ያደረገን አለቃ እንባቆም ቃለ ወልድ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ይህንም ሥራ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት፥ በ1970 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ማተሚያ ቤት አሳትሞታል።

መጽሐፉ ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ እስከ መጻሕፍት ቤት ያለውን ሥርዓት ያስረዳል። ልብ ብሎ ላነበበው ሰው ግን ይህ ሥርዓት ሊቅ ብቻ ሳይሆን መምህር የሚወጣበት መሆኑን ያስገነዝባል። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጉና ተራራ ወዲያ በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የድጓ፥ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ኖረዋል። ድጓውን በሌላ ደብር የተማረ ሰው እንኳ ቤተ ልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ የመምህርነት ክብሩ ሙሉ አይሆንም ነበር። በቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ፥ የራሱን ቅኔ ለመምህሩ እየቆጠረና እየታረመ፥ ማስተማርን በማስተማር ይለምዳል። ዛሬ «የተግባር ልምምድ» ብለን ለጥቂት ሳምንታት የምንሰጠው ነገር በዚያ የዓመታት ኑሮ ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈው ሁሉ መልካም ነው ብለን አንስትም። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በብራና በገዛ እጁ መጻፉ ዕውቀቱን ቢያጸናለትም፥ የመጽሐፍ እጥረት ያመጣው ድካም መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ ከተማረው ውስጥ ረኃብና በሽታ ስንቱን ከመንገድ አስቀርቶታል! ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶቹ በቀር ከዚህ ማዕድ አልቀረቡም። ስለዚህ ከአለቃ እንባቆም መጽሐፍ ልንወስድ የሚገባን የመምህሩን አወጣጥ እንጂ የተማሪውን መከራ አይደለም።

ዘመናዊው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። የባሕር ዳሩ የፔዳጎጂ አካዳሚም በ1965 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙ መምህራንን አፍርቷል። በነዚህ ቤቶች የተደከመውን ድካም ማቃለል ግፍ ነው። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚመጣው የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ፥ ትምህርቱን የሚሰጠው መስኮቱ፥ ከፋችና ዘጊ ደግሞ መምህሩ ሆነ። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ መስኮቱ ቆሞ አይጠብቀውም። ሐሳቡ ለሩቅ አገር ልጅ መልካም ትምህርት ለማድረስ ነበር፤ ስሕተቱ ግን መምህሩን ከማበርታት ይልቅ እርሱን ዘልሎ ማለፉ ይመስለናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ያለፉት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር፥ ብዙ ሰው ተማሪውን ወቀሰ። እኛ ግን አስተማሪው ምን ይዞ አስተማረ? እንላለን።

አሁን ወደ እስቴ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ እንመለስ። በዚያ የሚያስተምር ሰው ጎረቤቱ ጋይንት መምህር በማውጣት ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን ስለዚሁ ሥርዓት የተጻፈው የአለቃ እንባቆም መጽሐፍ የታተመው በባዕድ ቋንቋ፥ ከባሕር ማዶ ነው። የገዛ አባቶቹን ጥበብ ለማንበብ ወደ ኒውዮርክ መመልከት አለበትን? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣም መጽሐፉ በሶፍት ኮፒ ደረሰ ይባላል፤ መብራትና ማተሚያ በሌለበት ቀበሌ ግን ይህ ለተራበ ሰው የምግብ ሥዕል እንደ ማሳየት ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ የቆየ በመሆኑ ጉዳቱ ተደራርቧል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የአለቃ እንባቆም መጽሐፍ በአማርኛ በርካሽ ዋጋ ታትሞ በየመምህራን ኮሌጁ ይነበብ። ሁለተኛ፥ የጉድኝት ማዕከሎች ከመሰብሰቢያነት አልፈው፥ በዙሪያቸው ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚዋሱት የታተመ መጽሐፍ ያለባቸው ቤቶች ይሁኑ። ሦስተኛ፥ አዲስ መምህር ብቻውን ክፍል ከመግባቱ በፊት፥ በበሰለ መምህር አጠገብ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀምጦ እየታረመ ያስተምር። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ዳሩ ግን ሳይዘጋጅ የተላከ መምህር የሚያስከትለው ኪሣራ ከዚህ ይበልጣል።

አባቶቻችን መጽሐፍ አጥተው መምህር አወጡ። እኛ ማተሚያ ቤት እያለን መምህሩን ባዶ እጁን ብንልከው፥ ምክንያታችን ምን ሊሆን ነው?