ድምፁ ከየት ይቀዳ?

«ኮምፒውተር ላይ የሚጫወተውን ድምፅ በምን ልቅዳ?» የሚል ባልደረባ ሲመጣ እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ የምትቀዳው ምንድን ነው? የእኔ ሥራ በአብዛኛው ባሕር ማዶ ያሉ አዛውንቶችን በቴሌግራምና በዙም እያነጋገሩ ትዝታቸውን ማስቀረት ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ስመርጥ መልኩንም ሆነ የቁልፉን ብዛት አላይም፤ የማየው ድምፁን ከየት እንደሚወስድ ነው።

ብዙ ሰው ስፒከሩን ከፍቶ ስልኩን ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ድምፁ ግን ክፍሉን ዞሮ፣ የመንገዱን ጡሩምባና የግድግዳውን ማስተጋባት ይዞ ነው የሚገባው። አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ አጥርቶ መለየት እጅግ ከባድ ነው። ኮምፒውተሩ ወደ ስፒከር የሚልከውን እዚያው ውስጡ መቅዳት እየተቻለ ይህን ሁሉ ጣጣ ማምጣት አያስፈልግም።

የሬዲዮ ስርጭት ወይም ንግግር ብቻ ለሚቀዳ ኦዳሲቲ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ የድምፅ ሥርዓቱን ወደ «ዋሳፒ» መቀየር፣ ከመቅጃዎቹ ዝርዝር ደግሞ «ሉፕባክ» ተብሎ የተጻፈበትን ስፒከር መምረጥ ነው። ማክ ላይ እንደ ብላክሆል ያለ ተጨማሪ መተላለፊያ መጫን ይጠይቃል፤ ሊኑክስ ላይ «ሞኒተር» በሚል ስም ተዘርዝሮ ይገኛል።

የሉፕባክ አንድ ጠባይ ግን መታወቅ አለበት። ምንም ድምፅ የሚልክ ፕሮግራም ከሌለ ቀረጻውም ባለበት ይቆማል። ኢንተርኔት ተቆራርጦ ማጫወቻው ሲቆም፣ የጠፋው ጊዜ ፋይሉ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ አይታይም፤ ሁለቱ ጫፎች ተጣብቀው ይቀራሉ። በኋላ የሚያደምጥ ሰው ዓረፍተ ነገሩ መጉደሉን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ለታሪክ በሚቀመጥ ቅጂ ላይ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ስለዚህ ከጎን በሌላ ማጫወቻ ድምፅ አልባ ፋይል ከፍቼ እተዋለሁ፤ መስመሩ ሳይቋረጥ ይቆያል።

ለቃለ መጠይቅ ግን ኦዳሲቲ አይመቸኝም፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ብቻ ነው የሚቀዳው። የእኔን ማይክና የተጠያቂውን ድምፅ ለየብቻ ስለምፈልግ ኦቢኤስ ስቱዲዮን እመርጣለሁ። ብዙዎች የሚያውቁት ለቪዲዮ ቢሆንም እስከ ስድስት የድምፅ መስመር ለይቶ ያስቀምጣል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው አርትዖት ላይ ነው። እኛ ሰው ሲያወራ ዝም ብለን አንሰማም፤ «እህ»፣ «እሺ»፣ «ውይ» እያልን ነው የምናጅበው። አንዲት እናት የወንድማቸውን ስም ሲጠሩ የእኔ «እሺ» ከላዩ ቢወድቅ፣ መስመሩ አንድ ከሆነ ስሙ ተበላሸ ማለት ነው። ሁለት ከሆነ የእኔን ብቻ አጠፋለሁ፤ ስሙ ይቀራል። ለዚህ ግን ኢርፎን ማድረግ ግዴታ ነው፤ አለዚያ የእሳቸው ድምፅ ከስፒከር ወጥቶ በእኔ ማይክ ተመልሶ ይገባል።

ፋይሉን በኤምኬቪ ነው የማስቀምጠው። የተለመደው ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ስለሆነ፣ መሐል ላይ መብራት ከሄደ አልከፈት ይላል። ኤምኬቪ እስከዚያች ደቂቃ የተቀዳውን ይዞ ይገኛል። ለማኅደር ደግሞ ወደ ፍላክ እቀይራለሁ። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት የተቀመጠ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ዌቭ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይጥል በእጅጉ ያሳንሰዋል።

ቀረጻውን ካስጀመርኩ በኋላ የመጀመሪያው ንግግሬ «እማማ፣ ድምፅዎን እየቀዳሁ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» የሚል ነው። መልሳቸው ከነጥያቄው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ለቤተሰብ የሚላከውን ቅጂ ሳሳጥርም ያን ክፍል አልቆርጠውም።