የብርሃን ሥራና የእጅ ሥራ

ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት በሞግረን ዳር በእኩለ ቀን ካሜራ ያነሣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የካርቱም ፀሐይ ለፎቶግራፍ አንሺ አትራራም፤ ነጩ ጀለቢያ ዓይን እስኪወጋ ሲያበራ፣ ከጥምጥሙ ሥር ያለው ጠይም ፊት በጽልመት ይዋጣል፤ ሁለቱን ባንድነት ያዝ የተባለው ካሜራም አንዱን አድኖ ሌላውን ይጥላል። በደይም ሰፈር የኖሩት ወገኖቻችን ለክርስትናና ለሠርግ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሰበሰቡም ነገሩ ያው ነበር። በዚያ ከተማ በሠራሁበት ዘመን ይህ ብርሃን ካስተማረኝ ሁሉ የሚበልጠው፣ አንድ ፎቶ ከሮው ማዘጋጃው ፕሮግራም ወደ ፎቶሾፕ ወይም ወደ መሰሉ የሚሻገርበት ሥርዓት ስለሆነ፣ ስለዚሁ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

ሮው የምንለው ጥሬ ፋይል ገና ፎቶ አይደለም፤ ሴንሰሩ የለካው የብርሃን መጠን እንጂ። በ14 ቢት የሚጽፍ ካሜራ ለእያንዳንዷ ነጥብ 16,384 የብርሃን መዓርጋት ሲኖሩት፣ ጄፔግ በእያንዳንዱ ቀለም ከ256 አይበልጥም። የዚህን ልዩነት ትርጉም ለማየት፣ ከፀሐይ ፊት ለፊት የቆመችን እናት ነጠላ በስክሪኑ ላይ አጉልቶ መመልከት ይበቃል፤ በጄፔጉ ላይ ከጥለቱ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ሲቀር፣ በሮው ላይ ግን፣ ሴንሰሩ እስከ አፉ ሞልቶ ካልፈሰሰ በቀር፣ ብርሃኑ ዝቅ በተደረገ ጊዜ እጥፋቱ፣ ከእጥፋቱም ቀጥሎ የሸማው ድርና ማግ አንድ በአንድ ይወጣል። ይህ ምርት የሚሰበሰበው ከመሻገሩ በፊት ነው፤ ነጭ ሆኖ የተሻገረ ነጭ ሆኖ ይቀራልና።

የቀለምም ነገር እንዲሁ ነው። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ከአድማስ ተነሥቶ ከተማውን ሲያለብሰው ሰማዩ የሸክላ መልክ ይይዛል፤ ዋይት ባላንሱን በራሱ እንዲመርጥ የተተወ ካሜራ ግን ይህን እንደ ጉድለት ቈጥሮ ወደ ግራጫ ይመልሰዋል። በሮው ላይ ይህ ውሳኔ ገና ያልጸና ስለሆነ፣ መለኪያውን ወደ ቀን ብርሃን፣ ማለት ወደ 5,500 ኬልቪን ግድም መልሶ፣ ዓይን ያየውን ኅብር ማስመለስ ይቻላል። የሌንሱ ጉብጠትና በጨለማ የሚመጣው ሽርክት የሚታረሙትም በዚሁ ወገን ነው። ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውም አቧራ፣ በሁሉም ፎቶ ላይ በዚያው ስፍራ ነጥብ ሆኖ ስለሚታይ፣ በአንዱ ላይ የተጠረገው እርማት ለቀሩት ሊገለበጥ ይችላል። ብራና ተወጥሮ ተፍቆ ሳያልቅ ቁም ጸሐፊ ብርዑን ከቀለም እንደማይነክር፣ እኔም የብርሃን ጉዳይ ሁሉ ሳይፈጸም ፎቶውን አላሻግርም።

በሚሻገርበት ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሀብቱን ይዞ መሻገር አለበት። ሮው ማዘጋጃው ላይትሩም ፎቶውን ለፎቶሾፕ የሚያስረክበው፣ ካልተለወጠ በቀር፣ በ16 ቢትና ፕሮፎቶ በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል ነው፤ ዲስክ ለመቈጠብ ሲሉ ወደ 8 ቢት የሚያወርዱት ግን የሃቡቡን ሰማይ ጥቂት ለማጥቈር በሞከሩ ጊዜ፣ ልስልስ የነበረው ቀለም እንደ ደረጃ እየተሰባበረ በመስመር ይከፈልባቸዋል። በእርግጥ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ16 ቢት ቲፍ ሲቀመጥ፣ አንድም ሌየር ሳይጨመርበት፣ 144 ሜጋባይት ይሆናል። መብራት በሚቈራረጥበት ከተማ ይህን ያህል ፋይል መክፈትና ማስቀመጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የሚሻገሩት ፎቶዎች በእውነት የእጅ ሥራ የሚሹት ጥቂቶች ብቻ ይሆኑ ዘንድ ግድ ነው። ሥራው ሲያልቅም ስሙንና ፎልደሩን ሳይለውጡ ሴቭ ማድረግ ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን ቲፉ ተመልሶ ከሮው አጠገብ በላይትሩም ካታሎግ ይቀመጣል፤ በሌላ ስም በሌላ ስፍራ የተቀመጠ እንደሆነ ግን ካታሎጉ አያውቀውም።

በሱዳን ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ላይትሩምንና ፎቶሾፕን ከሚያወጣው ከአዶቢ ውጭ ሠርተውታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በ2017 እስኪነሣ ድረስ ፕሮግራሞቹን በሕጋዊ መንገድ መግዛት የማይቻል ስለነበረ፣ በነጻ የሚገኙት፣ በላይትሩም ፈንታ ዳርክቴብል፣ በፎቶሾፕ ፈንታ ጂምፕ፣ መጠጊያ ነበሩ። ጂምፕ እ.ኤ.አ. በ2018 2.10 የተባለው እትሙ እስኪወጣ ድረስ በ8 ቢት ብቻ ይሠራ ስለነበር መሻገሪያው ጠባብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሮውን በጂምፕ ለመክፈት ሲታዘዝ ዳርክቴብል ራሱ ይነሣል፤ የብርሃኑ ሥራ አልቆ ሲዘጋም ፎቶው ከነጥልቀቱ ለጂምፕ ይተላለፋል። እነዚህን መሣሪያዎች በነጻ ላበረከቱ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የምስክርነት ጉዳይ ነው። በሮው ማዘጋጃው በኩል የምንሠራው በአብዛኛው የነበረውን ብርሃን ማንበብ ሲሆን፣ ከተሻገርን በኋላ ግን እጃችን ያልነበረውን ለመጨመር፣ የነበረውንም ለመፋቅ ሥልጣን ያገኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2019 መብራት በጠፋበት የካርቱም ሌሊት፣ በዙሪያው የቆሙት በስልካቸው እያበሩለት ግጥም ሲያሰማ የነበረውን ወጣት ፎቶግራፍ አንሺው ያሱዮሺ ቺባ አነሣው፤ ያም ፎቶ በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር የዓመቱ ፎቶግራፍ ተባለ። ይኸው ውድድር ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ከካሜራው የወጣውን ፋይል አምጡ ይላል፤ በ2015ም ወደ መጨረሻው ከተቃረቡት 20 በመቶ ያህሉን ይዘታቸው ተነካክቷል ብሎ አሰናብቷል። በሴንሰር ላይ ያረፈን አቧራ መጥረግን ግን ይፈቅዳል፤ እኔም ይህን ትክክለኛ ወሰን እለዋለሁ፤ በሴንሰሬ ላይ ያለው አቧራ የመሣሪያዬ እድፍ ሲሆን፣ በኦምዱርማን አየር ላይ ያለው አቧራ ግን የከተማው እውነት ነውና አልነካውም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ስቱዲዮውን ጥሎ የወጣ ሰው ዲስክ የሚመርጥበት ጊዜ አልነበረውም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሮው ላይ የተወሰነውን ሁሉ የሚይዘው ኤክስ ኤም ፒ የተባለው ፋይል ጥቂት ኪሎባይት የሚመዝን ተራ ጽሑፍ ስለሆነ፣ በደካማ ኢንተርኔት እንኳ ለወዳጅ ሊላክ ይችላል፤ በሌላ ስፍራ ከተረፈ የሮው ቅጂ ጋር በተገናኘ ጊዜም የነጠላው ድር፣ የሃቡቡ ቀለም፣ የፊቱም ጠይምነት በሌላ አገር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ነበረ ይመለሳል። ስለዚህ ላይትሩም ይህን ፋይል በራሱ እንዲጽፍ የሚያዝዘው ምርጫ ሲጀመር ተዘግቶ የሚመጣ በመሆኑ፣ አዲስ ለሚጀምሩት ሁሉ ከሌላው ትምህርት አስቀድሜ እርሱን አስከፍታቸዋለሁ።