ፊት ለፊት መናገርና አማላጅ መላክ፤ ስለ መምህር ዴቪድ ኦግስበርገር መጻሕፍት

የነፍስ ምክር የሚሰጥ ሰው በሌላ አገር ልማድ ያደገውን ሰው ልብ ሊያውቅ ይችላልን? አሜሪካዊው መምህር ዴቪድ ኦግስበርገር ብዙ ዘመን የደከሙት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ወገናቸው ሜኖናይት ነው፤ ይኸውም በ16ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ተነሥቶ ሰይፍ ማንሣትን የከለከለና ስደት የተቀበለ ማኅበር ነው። እርሳቸውም በሬዲዮ ሰብከዋል፤ ኋላም በካሊፎርንያ በፉለር የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት የእረኝነትን ምክር አስተምረዋል። የዕርቅ ነገር ከብዕራቸው የማይለየው ከዚህ አመጣጥ የተነሣ ይመስላል።

በ1973 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ያወጡት መጽሐፍ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። አሳቡ አጭር ነው፤ ወንድሙን የሚወድ ሰው በደሉን በልቡ አይቋጥርም፣ በሐሜትም አያወጣውም፤ ቀርቦ በፍቅር ይነግረዋል እንጂ። ለዚሁም መውደድንና መጋፈጥን የሚያመለክቱትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጋጥመው አንድ ቃል አበጅተዋል። ትምህርቱ መልካም ነው። ነገር ግን የተጻፈው በግልጽ መናገር እንደ ቅንነት በሚቈጠርበት አገር ነው። ምራት አማቷን ፊት ለፊት ብትወቅስ ድፍረት በሚባልበት ቤት ይኸው ምክር እንዳለ ቢወሰድ በቊስል ላይ ቊስል ይጨምራል።

በ1986 የታተመው፣ በልዩ ልዩ ባህል መካከል ስለሚሰጥ የእረኝነት ምክር የሚናገረው መጽሐፍ ከሁሉ ይበልጣል። መምህሩ በዚህ አዲስ ስም ያወጡለት ነገር አለ። ለሌላው ማዘን አንድ ነው፤ ስሜቱን እንደ ራስ አድርጎ መረዳት ሁለተኛ ነው፤ ሦስተኛውና እርሳቸው የሚሹት ግን አማካሪው የራሱን እምነትና ልማድ ለጊዜው ወደ ጎን አኑሮ፣ የእንግዳውን እምነት እንደ እውነት ይዞ፣ በዚያ ሆኖ ማሰቡ ነው።

ካህን ይህን ሲያነብ ይቆማል፤ መቆሙም ተገቢ ነው። መምህሩ የሄደው አማካሪ እንደሚመለስ፣ ሲመለስም ባለጸጋ ሆኖ እንደሚመለስ ያስረዳሉ። ለካህን ግን ጥያቄው እርሱ ምን አተረፈ የሚለው ብቻ አይደለም። የጠንቋይን ቃል ፈርቶ የመጣውን ምእመን የንስሐ አባቱ ፍርሃቱን ከውስጥ ሊያውቅለት ይገባዋል፤ በፍርሃቱ ውስጥ ሊተወው ግን አይችልም። በዚህ ነገር መጽሐፉ ከመንገዱ እኩሌታ ያደርሳል፤ የቀረውን ካህኑ ራሱ ይሄዳል።

ስለ ጭንቀት፣ ስለ ኀፍረትና ስለ ጸጸት የተጻፈው ምዕራፍ ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ይከፍላል። ሦስቱ በሰው ሁሉ ዘንድ አሉ፤ የሚቀድመው ግን እንደ አገሩ ይለያያል። አንዱ «ምን አደረግሁ» ብሎ ሲጨነቅ፣ ሌላው «በምን ፊቴ ከሰው ፊት እቆማለሁ» ይላል። ለዚህኛው መናዘዝ ብቻውን አይበቃውም፤ አብሮት በአደባባይ የሚቆምለት ሰው ይሻል። በአሜሪካ የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ካህናት ይህን በአንድ ቤት ውስጥ ያዩታል፤ አባት ስለ ኀፍረት ሲናገር፣ እዚያው የተወለደው ልጅ ስለ ጥፋት ይሰማል፤ ሁለቱም አልተሰማሁም ይላሉ።

መጽሐፉ ጕድለት አለበት። ተረቱና ምሳሌው ከየአገሩ ተሰብስቦ እጅግ በዝቷል፤ ባለ ብዙ ዘመን ሕዝብ በጥቂት መስመር ታይቶ ያልፋል። (ሥዕላዊው ሰንጠረዥም ከተረቱ አይተናነስም።)

በ1992 ስለ ማስታረቅ የጻፉት ሌላው መጽሐፍ ከፊተኛው ከ1973ቱ ጋር የሚሟገት ይመስላል። በብዙ ሕዝብ ዘንድ ጠብ የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የዘመድና የመንደር ነው፤ አማላጅ መላክም ፈሪነት ሳይሆን ክብርን መጠበቅ ነው። ሽማግሌ ሲላክ፣ በዳይም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲለምን ላየ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መምህሩ ግን ከሌላ ልማድ ተነሥተው ወደዚህ መድረሳቸው፣ የራሳቸውንም የቀድሞ ትምህርት ወሰን ማሳየታቸው፣ በሊቃውንት ዘንድ ዘወትር የማይገኝ ትሕትና ነው።

ሆኖም ሽማግሎች ለሰላም ብለው የተበደለችውን ሴት «አንቺ ተዪው» የሚሏት ቀን አለ። ያን ቀን ከሽማግሎቹ አንዱ የ1973ቱን መጽሐፍ ያነበበ ቢሆን ለእርስዋ ይበጃታል።