ንክኪ ወይስ መዳሰስ? ስለ አንድ ሙያዊ ስያሜ የቀረበ ሂስ

መሣሪያዎች በብርሃንና በድምፅ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በጡንቻ በኩልም መልእክት የሚያስተላልፉበት ጥበብ በየቤቱ ከገባ ሰንብቷል። በኪስ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ስልክ ቀላሉ ምሳሌ ነው። ጥበቡ መዳሰስን ከሚመለከት የግሪክ ቃል በወጣ ስም «ሃፕቲክስ» ይባላል፤ ቃሉን በጀርመንኛ ለስሜት ሕዋሳት ጥናት ያቀረበው ማክስ ዴሷር እ.ኤ.አ. በ1892 ነበር። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን «የንክኪ ግብረ መልስ» የሚለው አጠራር ይቀናናል። ይህ ስያሜ ለምን እንደማይበቃ ከዚህ በታች እናሳያለን፤ አማራጩንም እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ግሦቹን እንመልከት። «ነካ» ሁለት ነገሮች መገናኘታቸውን ብቻ ይናገራል፤ የነኪው ማወቅም ሆነ መፈለግ ግዴታ አይደለም። «ዳሰሰ» ግን እጅን ልኮ ልስላሴን፣ ሙቀትንና ቅርፅን መመርመር ነው። ልብስ ግድግዳን ይነካል እንጂ አይዳስስም። ከአምስቱ ሕዋሳት አንዱ «መዳሰስ» እንጂ «መንካት» አለመባሉም ያለ ምክንያት አይመስለንም።

ሁለተኛው እንከን ከዚህ ይብሳል። «ንክኪ» በጤና አገልግሎት ዘንድ ሌላ ሥራ ይዟል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ አገራችን ሲገባ፣ በበሽታው ከተያዘ ሰው ጋር «ንክኪ ያላቸው» የሚለው ሐረግ በየዕለቱ ይነገር ነበርና ቃሉ ከመተላለፍ ሥጋት ጋር ተቆራኝቷል።

ነገሩ የቃላት ቅንጦት እንዳይመስል ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ እንሻገር። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች አንድ የጤና ጽሑፍ በአማርኛ አንብቦ ለታካሚው በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ማስረዳት የተለመደ ሥራ ስለሆነ፣ በአማርኛው የገባ መደናገር እጥፍ ሆኖ ይተላለፋል። የሥጋ ደዌን ጉዳይ ብንወስድ፣ በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ መዳፍና ውስጥ እግር የመዳሰስ ስሜታቸውን መያዝ አለመያዛቸው ይመረመራል፤ ከታማሚው ጋር የሚኖሩ ቤተ ሰቦችም እንደዚሁ ይመረመራሉ። ሁለቱም ጉዳዮች በአንድ ገጽ ላይ «ንክኪ» ከተባሉ «ንክኪ የለውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ሊሆን ነው? በአንደኛው ፍቺ ነርቭ መጎዳቱን የሚያመለክት ክፉ ምልክት፣ በሌላው ደግሞ መልካም ዜና ይሆናል። የስኳር ሕመምተኛ እግር በ10 ግራም ጫና በሚታጠፍ የናይለን ክር ሲፈተሽም የሚፈለገው የመዳሰስ ስሜት እንጂ ንክኪ አይደለም።

«ግብረ መልስ»ም ቢሆን በስብሰባና በትምህርት ቤት አስተያየት ለማለት ስለዋለ፣ መሣሪያው ሐሳብ የሚሰጥ ያስመስለዋል። «ምላሽ» ይበቃል። ነገር ግን «የዳሰሳ ምላሽ» ብንል ሌላ ወጥመድ ይጠብቀናል፤ «የዳሰሳ ጥናት» ከተለመደ ወዲህ አንባቢው የመጠይቅ መልስ ይመስለዋልና። ስለዚህ ንዑስ አንቀጹን ይዘን «የመዳሰስ ምላሽ» እንላለን።

ይህ ጥቅል ስም ሁለት ንዑሳን ጽንሰ ሐሳቦችን ያቅፋል። አንደኛው በቆዳ የሚታወቀው «የንዝረት ምላሽ» ነው፤ በስልክ ውስጥ ያለ ትንሽ ሞተር ያስገኘዋል። «ነዘረ» ግን ኤሌክትሪክ ሲይዝም ስለሚነገር፣ በመመሪያ ጽሑፍ ከግሡ ይልቅ ስሙን መጠቀም ይሻላል። ሁለተኛው ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚያውቁት፣ እጅን መልሶ የሚገፋ ኃይል ነው። በቀዶ ሕክምና ሮቦት የሚሠራ ሐኪም እጁ ከሥጋው የራቀ በመሆኑ፣ ክሩን ምን ያህል እንደሳበ የሚገምተው ባብዛኛው በዓይኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው «ዳ ቪንቺ 5» ይህን ኃይል ለሐኪሙ እጅ የሚመልሱ መሣሪያዎችን ይዞ መጥቷል። ይህን «የግፊት ምላሽ» ብንለው የደም ግፊትን ይጠራብናል። በገበያ ቀን የምንለው «ግፊያ» ግን ሕያውና ነጻ ቃል ስለሆነ «የግፊያ ምላሽ» የሚለውን እንመርጣለን።

በመጨረሻም የሀዲይሳና የከምባትሳ አቻዎች ከአማርኛው ቃል በቃል ሊገለበጡ አይገባም። የከምባታ ያገቡ ሴቶች የአማቶቻቸውን ስም ላለመጥራት፣ በስሙ የመጀመሪያ ቀለም የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ እየተዉ በሌላ የሚተኩበት «ባሊሻ» የተባለ ልማድ እንደነበራቸው ኢቮን ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው ጥናት ገልጻለች። እንዲህ ያለ የቃላት መተካት ልምድ ያለው ሕዝብ ለመዳሰስ ቃል አያጣም። ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤትም ሊዘነጋ አይገባውም፤ ለማይሰማ ሰው የስልኩ ንዝረት ራሱ ጥሪ ነውና፣ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስያሜው እንዲወሰን ሲታሰብ ቀድመው ሊጠየቁ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። ተርጓሚዎችም መዝገበ ቃላቱን ከመግለጣቸው በፊት ቃሉ በታካሚው ጆሮ ምን እንደሚል እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።